ያፈራውን ቆርጬ፣ አዲሱን አስሬ ዋልኩ

ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ከራስቤሪዎቼ፣ ማለትም ቀይ ፍሬ ከሚያፈሩት ቁጥቋጦዎቼ ጋር ነበርኩ። ለቀማው ባለፈው ሳምንት አለቀ፤ አሁን የመቀሱ ተራ ነው።

የራስቤሪ ሥር ለዓመታት ይኖራል። የአገዳው ዕድሜ ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የሚያፈራው የኔ ዓይነት በመጀመሪያው ዓመት ዝም ብሎ ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል፣ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ ያፈራውን ወደ አፈሩ ጠጋ አድርጎ መቁረጥ ነው።

መለየቱ ላይ ግን አትቸኩሉ። አሮጌው ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት ይላጣል። ፍሬው የተለቀመበት እምብርትም ደርቆ ጫፉ ላይ ቀርቷል። አዲሱ አረንጓዴ ነው፤ ሲነኩት ይለመጣል። አምና ተጣድፌ አዲሶቹን ቆረጥኩና ዘንድሮ በአንዱ ጥግ ፍሬ ሳላይ ቀረሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከአዲሶቹ ጠንካሮቹን ብቻ በ10 ሳንቲሜትር ርቀት ትቼ ሽቦው ላይ ላላ አድርጌ አሰርኳቸው። አየር በደንብ ሲያገኙ ሻጋታ አይደፍራቸውም። አረሙን በእጄ ነቀልኩ፤ ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ መቆፈሪያ ይጎዳዋል። ገለባ አልብሼ ውሃ አጠጣሁ።

ልጨርስ ስል ከቅጠል ሥር ተደብቃ የቀረች አንድ ቀይ ፍሬ አገኘሁ። እዚያው ቆሜ በላኋት። እንዴት ትጣፍጣለች!