ለሞዴል መኪና የሚሆን ጎማ ከየት ይገኛል?

በእጅ በሚሠራ ሞዴል መኪና ላይ የጎማ ስህተት ወዲያው ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ቦዲውን ከመቁረጣችሁ በፊት ጎማውን ፈልጉ።

ልኩ የሚወጣው ከእውነተኛው ጎማ ጽሑፍ ነው። 195/70 አር 15 የሚል ከሆነ፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። 195 በ0.70 ሲባዛ 136.5 ነው፤ የላይና የታቹ 273፤ የቸርኬው 15 ኢንች፣ ማለትም 381 ሲደመርበት 654 ሚሊ ሜትር። ይህ በ1:24 ሚዛን (ከእውነተኛው 24 ጊዜ ባነሰ ልክ) ወደ 27፣ በ1:43 ወደ 15 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ለ1:24 ይተልቃል፤ ለ1:22 ግን ልክ ነው። አራት አንድ ዓይነት ክዳን ከተገኘ መኪናውን ለጎማው ብሎ መሥራት ከሁሉ ይቀላል።

ለ1:43 የምመርጠው የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቁልፎች ጀርባ ለጀርባ ይጣበቃሉ፤ ዙሪያቸው ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ይገባል። የኦሪንጉ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ተለጥጦ ሲገባ ያለ ማጣበቂያ ይይዛል።

ጎማ የሚወላገደው ቀዳዳው ከመሃል ሲስት ነው። ክቡን ወረቀት ላይ አስምራችሁ ቁረጡና ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሃሉ ነው። መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ አስፉ።

ለአክስል (ሁለቱን ጎማዎች ለሚያገናኘው ዘንግ) 2 ሚሊ ሜትር የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይበቃል፤ ባዶ የእስክሪብቶ ቀለም ቱቦ ውስጥ በነፃነት መዞሩን ሞክሩ። ሱፐር ግሉ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ብቻ ይነካ፤ ከበዛ ወደ ቱቦው ሰርጎ አክስሉን እንዳይዞር ያጣብቀዋል።

ከአሻንጉሊት የተነቀለ ለስላሳ የፕላስቲክ ጎማ ከስታይሪን (ጠንካራ የሞዴል ፕላስቲክ) ቸርኬ ጋር ለወራት ሲነካካ ቸርኬውን ያቀልጠዋል። በመካከላቸው ቀጭን የአሉሚኒየም ፎይል አድርጉ።