የቀጥቃጩ ስም፦ ‹ለፌቭር›ን ስከታተል እስካሁን የደረስኩበት

በሰሜን ፈረንሳይ ለፌቭር የሚባል ጎረቤት፣ ሐኪም ወይም የልጆች አስተማሪ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከሊል እስከ አሚየን፣ ከዚያም እስከ ኖርማንዲ ዝለቁ፤ በር ደወል ላይ አለ፣ ሱቅ ግንባር ላይ አለ፣ መቃብር ድንጋይ ላይ አለ። የፈረንሳይ የቤተሰብ ስሞችን አመጣጥ መከታተል ትርፍ ሰዓቴን የሚበላው ነገር ከሆነ ወዲህ ብዙ ስሞችን ነካክቻለሁ። እንደዚህኛው ግን የያዘኝ የለም። በዚሁ ነገር የተለከፋችሁ ካላችሁ፣ ወይም ፈረንሳይኛ እየተማራችሁ ሰበብ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትርጉሙ ቶሎ ያልቃል። ለፌቭር ማለት ቀጥቃጩ ማለት ነው። ‹ፋበር› ከሚለው የላቲን ቃል ‹ፌቭር› ወጣ፤ ፊቱ ላይ ያለችው ‹ለ› ደግሞ ‹ቀጥቃጭ›ን ‹ቀጥቃጩ› የምታደርግ ናት። የዛሬ ፈረንሳዮች ቀጥቃጭን ‹ፎርዥሮን› ነው የሚሉት። ወርቅ አንጥረኛው ግን አሁንም ‹ኦርፌቭር› ይባላል፤ የድሮው ቃል እዚያ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል።

ሙያው ለምን የቤተሰብ ስም ሆነ? በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ በአንድ ስም ብቻ መጠራት አልበቃ አለ። በአንድ መንደር ብዙ ዣን ካለ ግብር ሰብሳቢው የትኛውን ይያዝ? ስለዚህ አንዱ የማርታን ልጅ ዣን፣ አንዱ ጫካው ዳር ያለው ዣን፣ አንዱ ትንሹ ዣን፣ አንዱ ቀጥቃጩ ዣን ተባለ። ማርታን፣ ዱቧ፣ ፕቲ እና ለፌቭር የሚባሉት ስሞች የመጡት በዚህ መንገድ ነው። በ1292 የተጻፈው የፓሪስ የግብር መዝገብ ብዙውን ሰው ከነሙያው ይጠራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ትውልዶች ቅጽሉ እየደነደነ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር፤ ልጁ መዶሻ ይያዝም አይያዝም።

ቀጥቃጭ የሚል ስም የበዛበት ምክንያት ሙያው ስለበዛ አይደለም። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሁሉም ገበሬ በሆነበት መንደር ‹ገበሬው ዣን› ብትል ማንን እንደጠራህ አይታወቅም። ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ አንድ ነው። ማረሻ ይስላል፣ ፈረስ ያጫማል፣ ቁልፍ ይሠራል፣ ሁሉም ደጁ ይመላለሳል። ‹ቀጥቃጩ› ብሎ መለየት የሚቻለው ለዚህ ነው። ስሙም በየመንደሩ ለየብቻው በቀለ። ስለዚህ የሊሉ ለፌቭርና ኖርማንዲ ውስጥ ባለችው በሩዋን ከተማ ያለው ለፌቭር በሥጋ የሚገናኙበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ማሰቤ አልቀረም። እኛ ጋ ቀጥቃጭ ማረሻውን እየሠራ ቡዳ ይባል ነበር፤ አፄ ምኒልክ በእኛው 1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በዚያ ሁኔታ ማን ነው ለልጁ ‹ቀጥቃጩ›ን ስም አድርጎ የሚያወርሰው? የፈረንሳዩ ቀጥቃጭ መንደሩ ውስጥ ከበሬታ ባይኖረው ይህ ሁሉ ለፌቭር አይኖርም ነበር፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ካርታው ነው። ፈረንሳይ ድሮም በአንድ ቋንቋ የምትናገር አገር የሚመስለው ሰው የቀጥቃጩን ስም ይዞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይውረድ። ኖር፣ ፓ ደ ካሌ፣ ሶም እና ሴን ማሪቲም በሚባሉት ዲፓርትመንቶች (የፈረንሳይ የአስተዳደር ክፍሎች) ለፌቭር ነው። የኦክሲታን ቋንቋ ወደሚነገርበት ደቡብ፣ ለምሳሌ ወደ አቬሮን፣ ታርን እና ኤሮ ስትገቡ ያው ሰው ‹ፋብር› ይሆናል። በሊሙዛን፣ በፔሪጎር እና በግሬኖብል ዙሪያ ባለው በዶፊኔ ‹ፎር› ነው። ሳቯ እና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ ላይ ‹ፋቭር› ይባላል። የደቡብ ምዕራቦቹ ጋስኮኞች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ‹ፈ›ን ወደ ‹ሀ› የመቀየር ልማድ ስላላቸው የእነሱ ቀጥቃጭ ያለ ‹ፈ› ይጻፋል።

ይህ ገና የላቲን ልጆች ብቻ ነው። ብሬታኝ የራሷ ቋንቋ ስላላት ቀጥቃጩ እዚያ ‹ለ ጎፍ› ነው። በጀርመን ድንበር ባለው አልዛስ ላይ ‹ሽሚት› ነው፤ ይኸው የጀርመኑ ሽሚት። በቤልጂግ ድንበር ፍላሚሽ በሚነገርበት በኩል ‹ደ ስሜት› ወይም ባጭሩ ‹ስሜት› ይባላል። ጆኒ ሃሊዴይ የሚባለው ዝነኛ የፈረንሳይ ሮክ አቀንቃኝ እውነተኛ ስሙ ዣን ፊሊፕ ስሜት ነበር፤ አባቱ ቤልጂጋዊ ናቸው። ለዘፋኝ በአማርኛ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

እስቲ ታዋቂዎቹን አንድ ላይ አሰልፏቸው። በ1899 በሥልጣን ላይ ሳሉ የሞቱት ፕሬዚዳንት ፌሊክስ ፎር፣ በነፍሳት ጥናት የታወቀው የአቬሮኑ ዣን ኦንሪ ፋብር፣ የናፖሊዮኑ ማርሻል ፍራንሷ ዦዜፍ ለፌቭር፣ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ሊቅ ዣክ ለ ጎፍ። አራቱም ቀጥቃጩ ናቸው። የስም ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ግን ለየብቻቸው ነው የሚቆጠሩት። በሰንጠረዡ አንደኛ ሆኖ የኖረው ማርታን ነው፤ በ397 ያረፈው የቱሩ ቅዱስ ማርቲኖስ ስም መሆኑ በጣም ረድቶታል። የቀጥቃጩ ቅርጾች ሁሉ ተደምረው ቢመጡ ግን አንደኝነቱ ያሰጋው ነበር ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። ይህ ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በሁለት መልክ ይጻፋል። አንደኛው መሃሉ ላይ ‹ቤ› የሚባለው ፊደል አለበት፣ ሁለተኛው የለበትም። አነባበቡ ያው ነው፤ ‹ቤ›ዋ ዝም ናት። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ የነበሩ ጸሐፍት ቃላትን ወደ ላቲን አባታቸው ማስጠጋት ይወዱ ስለነበር ‹ፋበር› ውስጥ ያለችውን ‹ቤ› መልሰው ከተቷት። ሌላም ጥቅም ነበራት። በዚያ ዘመን ‹ቬ› እና ‹ኡ› በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ ነበር፤ ‹ቤ› ከፊት ስትቆም ቀጣዩ ፊደል ‹ቬ› ተብሎ እንዲነበብ ምልክት ትሰጣለች። ሁሉም ግን ምልክቱን አልተቀበለም። አንዳንዱ ‹ኡ› ብሎ አነበበው፤ ‹ለፌቡር› የሚባል ሌላ ስም ተወለደ። እስከ ዛሬ ለፌቡር የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ፤ የአያቶቻቸው ስም በተሳሳተ ንባብ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ‹ቤ› ያለውና የሌለው ሁለት ዘር እንዳይመስላችሁ። በአንድ የክርስትና መዝገብ ላይ ቄሱ በ‹ቤ› ይጽፋል፣ አባትየው ከሥር ያለ ‹ቤ› ይፈርማል፤ የሚቀጥለው ልጅ ሲወለድ ይገላበጣል። አጻጻፉ የረጋው ከ1877 ጀምሮ ለባለትዳሮች የቤተሰብ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ነው። ፍለጋ ስታደርጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ።

የቁጥር መረጃ የሚገኘው ኢንሴ ከሚባለው የፈረንሳይ የስታቲስቲክስ ተቋም ነው። ከ1891 እስከ 1990 የተወለዱትን በስምና በዲፓርትመንት የሚቆጥር ፋይል አለው፤ ብዙዎቹ የስም ካርታዎች መቶውን ዓመት በአራት 25 ዓመት ከፍለው ከዚሁ ፋይል የተሠሩ ናቸው። ለፌቭር በ‹ቤ› የተጻፈው ብቻ በአገር ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 20 ስሞች ውስጥ ይገባል። አነባበቡ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የሚቆጠረው የተወለደ ሰው ነው፣ ዛሬ በሕይወት ያለው አይደለም። መዝገቡ የተደራጀው በ1940ዎቹ ስለሆነ ከዚያ በፊት የሞቱት ብዙዎቹ አልገቡበትም። የሊል ወላጆች ፓሪስ የወለዱት ልጅም የሚቆጠረው ለፓሪስ ነው። የስሙን ጥንተ ቦታ የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያውን 25 ዓመት ካርታ ውሰዱ፤ ቁጥሩ ጎደሎ ቢሆንም ሰው ገና ብዙ ስላልተዘዋወረ ሥዕሉ ንጹሕ ነው።

ከካርታው ቀጥሎ የገባሁት ወደ አሮጌ መዝገቦች ነው። ቀዳማዊ ንጉሥ ፍራንሷ በ1539 ቪሌ ኮትሬ ላይ ባወጣው ድንጋጌ ቄሶች የክርስትና መዝገብ እንዲይዙ ታዘዙ። በ1579 ጋብቻና ቀብር ተጨመረ። በ1792 አብዮቱ መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለማዘጋጃ ቤት ሰጠ። በ1794 ደግሞ ማንም ከልደት መዝገቡ በተለየ ስም እንዳይጠራ ሕግ ወጣ። የየዲፓርትመንቱ ቤተ መዛግብት ይህን ሁሉ ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ ስላስቀመጡት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ልደትና ጋብቻ የሚከፈተው 75 ዓመት ሲሞላው ነው። ፓሪስን ለመጀመሪያ ልምምድ አልመክርም፤ ከ1860 በፊት ያለው መዝገቧ በ1871 ኮሙዩን በሚባለው የፓሪስ አመፅ ጊዜ ተቃጥሎ የተጠገነው ጥቂቱ ነው።

ከ1800ዎቹ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ጽሕፈቱ ያኔ ይነበባል። በየአሥር ዓመቱ የተዘጋጀ የስም ማውጫ ስላለ እሱን ክፈቱ። ከሁሉ የሚበልጠው የጋብቻ መዝገብ ነው፣ የአራቱንም ወላጆች ስም ይሰጣልና። ሴቶችን በባል ስም አትፈልጉ። ፈረንሳዊት ሴት በሕግ ፊት የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው፤ ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአብዮቱ ዘመን ቀን አቆጣጠር ሰውን ሁሉ ያማርራል። እኛን ግን ብዙ አያስቸግረንም፤ 12 ወር 30 30 ቀን፣ መጨረሻ ላይ 5 ወይም 6 ቀን ጭማሪ፣ ዓመቱም በመስከረም ይገባል። ጳጉሜን ለሚያውቅ ሰው ቤቱ ነው። እስከ 1805 መጨረሻ ድረስ ይጋጥማችኋል።

ስሙ ባሕር ተሻግሮም ሄዷል። በ17ኛው መቶ ዘመን የማይዛመዱ ብዙ ለፌቭሮች ካናዳ፣ ኬቤክ ገብተው እርስ በርስ ለመለየት ተጨማሪ ቅጽል ያዙ። ከእነሱ አንዱ መሥመር ‹ለፌቭር ዲ ቡላንዤ› ይባላል፤ ጋጋሪው የሚባለው ቀጥቃጩ እንደማለት ነው! ወደ አሜሪካ ከወረዱት አንዳንዶቹ ደግሞ ስማቸው ‹ላ ፌቭ› ተብሎ ተሰማና፣ እሱም በፈረንሳይኛ ባቄላ ስለሆነ፣ ‹ቢን› ሆነው ቀሩ። ከመዶሻ ወደ ባቄላ።

ኢትዮጵያ ውስጥም ለፌቭር አልፏል። ቴዎፊል ለፌቭር የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ከ1839 እስከ 1843 በተደረገው ጉዞ ትግራይንና ሌላውንም አገር አይቶ ብዙ ጥራዝ ጽፏል። አብረውት የመጡት ሐኪሞችና የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ ካርታን ዲሎን እና አንቷን ፕቲ፣ አገራቸው አልተመለሱም። ዲሎን በንዳድ ሞተ፣ ፕቲን ዓባይ ሲሻገር አዞ በላው። የሰበሰቡትን ዕፅዋት ተንትኖ መጽሐፍ ያወጣው አሺል ሪሻር ነው። ለፌቭር፣ ፕቲ፣ ሪሻር፦ ሦስቱም በፈረንሳይ በብዛት ከሚገኙት ስሞች ውስጥ ናቸው።

ይህን ሁሉ ሳነብ ፈረንሳይ ያለነው ሐበሾች ላይ የሚሆነው ነገር በሌላ ዓይን ይታየኝ ጀምሯል። ዳዊት ተስፋዬ የሚባል አባት ልጅ ሲወልድ ልጁ ‹ዳዊት› ሳይሆን ‹ተስፋዬ› የሚለውን ይወርሳል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። የአንድ አያት የግል ስም ለትውልድ የሚቆም የቤተሰብ ስም ይሆናል። ማርታን ላይ በ1200ዎቹ የደረሰው ይኸው ነው። ልዩነቱ ሕጉ አሁን ላላ ማለቱ ነው። ከ2005 ጀምሮ ወላጆች የእናትን ስም ወይም ሁለቱንም መስጠት ይችላሉ፤ ከሐምሌ 2022 ወዲህ ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ሰው ማዘጋጃ ቤት ፎርም ሞልቶ ከአባቱ ስም ወደ እናቱ መዞር ይችላል።

አሁን የያዝኩት ለ ጎፍን ነው። የብሬታኝ መዝገቦች ውስጥ ‹ለ ጎፊክ›፣ ማለትም ትንሹ ቀጥቃጭ፣ የሚል ቅርጽም ስላለ የሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን አድርጌ እያየሁ ነው። አልዛስን ቀድሞ የጀመረ ሰው ካለ የሽሚትን ነገር ይንገረኝ፤ ጀርመንኛ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ገና አልደፈርኩም።