የአንገት ሽፍታ፣ አንዲት ምላጭና የባሕር ዳር ሙቀት

ከርዳዳ ጢም ላለው ሰው የአንገት ስር ሽፍታ ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ዛሬ ተላጭቶ፣ አምሮበት ይወጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ኮሌታው በነካው ቁጥር ያሳክከዋል። ጥቃቅን ጠጣር እብጠቶች ይወጣሉ፤ ሲድኑም ጥቁር ነጥብ ጥለው ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቀበሌ 14 ተነስቶ እስከ ጊዮርጊስ በእግሩ የሄደ ሰው አንገቱ ላብ በላብ ነው። ላብና አዲስ የተላጨ አንገት ደግሞ ተስማምተው አያውቁም።

እኔም እንደ ብዙው ሰው ከሁለት አንዱን ነበር የማደርገው። ወይ ጸጉር ቤት ሄጄ በማሽን አስነካዋለሁ፤ ወይ ከሱቅ ያን የሚጣል ባለ ሦስት ምላጭ ፕላስቲክ ገዝቼ በገላ ሳሙና እሸልተዋለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአጎቴ አንገት ነው። ጋሼ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጢማቸው ከእኔ የባሰ ከርዳዳ ነው። አንገታቸው ግን ልሙጥ። የሚላጩትም በዚያ በድሮው፣ ምላጭ በሚጎርሰው የብረት መላጫ ነው። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ አንገትዎን ምን ቢቀቡት ነው እንዲህ የሆነው?»

«ምን እቀባለሁ! አልጫነውም እንጂ» አሉኝ። «መቁረጥ የምላጩ ሥራ ነው። አንተ መንገዱን አሳየው፤ አትግፋው።»

ምክራቸው በደንብ የገባኝ ግን ሽፍታው ከየት እንደሚመጣ ካነበብኩ በኋላ ነው። ከርዳዳ ጸጉር ከቆዳ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ተጠማዞ ነው። ከቆዳው ጋር እኩል ሲቆረጥ ጫፉ ይሾልና፣ ሲያድግ ዞሮ ቆዳውን ይወጋዋል። ከቆዳው በታች የተቆረጠው ደግሞ ጭራሽ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ይታጠፋል። ሰውነት የራሱን ጸጉር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይቆጣል። እብጠቱ ይኸው ነው።

ምላጭ የተደረደረበት መላጫ ነገሩን ያብሰዋል። ጂሌት የተባለው ኩባንያ ትራክ ቱ የሚባለውን ባለ ሁለት ምላጭ መላጫ ያወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ሳብ ያደርገዋል። ወደ ቦታው ሳይመለስ የኋለኛው ይደርስበትና ይቆርጠዋል። የቀረው ጫፍ ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል። ጸጉሩ ቀጥ ላለ ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ ልሙጥ ያደርገዋል። ለእኛ ግን ወጥመድ ነው። ባለ አንድ ምላጩ የደረሰበትን ቆርጦ ያልፋል፤ ተከትሎት የሚመጣ የለም።

ስለዚህ መላጫውን ከመቀየሬ በፊት ፍላጎቴን ቀየርኩ። ልሙጥነት ይቅርብኝ፤ ንጹሕ መምሰል ይበቃኛል አልኩ። አሁን ተላጭቼ አንገቴን ስዳብሰው ትንሽ ይሻክራል። አንድ እርምጃ ርቆ ለሚያየኝ ሰው ግን ተላጭቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው። ልሙጥ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ሰው ብዙም አይጠቅመውም።

ዕቃ ፍለጋው ላይ አንድ ያስደሰተኝ ነገር አለ። ይህን ምላጭ የሚጎርሰውን የጋሼን ዓይነት መላጫ የፈለሰፈው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ከባዱ ነገር እጀታው አልነበረም። ያን የሚያህል ቀጭን ብረት አጠንክሮ መሳሉ ነበር፤ እሱን የተወጣለት ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መላጫው ከ90 ሺህ በላይ ተሸጠ። ዛሬ ባለ ሁለት ስለት (በሁለቱም ጎን የሚቆርጥ) ምላጭ ማንም ይሥራው ማን፣ መጠኑ አንድ ዓይነት ነው። ግብፅ ውስጥ የተሠራው ጃፓን በተሠራ መላጫ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል።

እዚህ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የባለ ብዙ ምላጮቹ መለወጫ ዛሬ አንድ ሱቅ ይገኛል፤ በወሩ «አልቋል፣ ሌላ አምጥተናል» ይባላል። ሌላው ደግሞ እጀታህ ላይ አይገባም። ምላጭ ግን የትም ሰፈር አይጠፋም። እርሳስ የቀረጽንበት፣ ጥፍር የቆረጥንበት ምላጭ እኮ ነው! አንዷ ከአንድ ስኒ ቡና ባነሰ ዋጋ ትገኛለች።

የሚያስቸግረው እጀታው ነው። ገበያ ውስጥ ያገኘኋቸው ስስ ቆርቆሮ ነገሮች ነበሩ። ምላጩን በአንድ በኩል አውጥተው፣ በሌላው በኩል ይደብቁታል። ደህናውን ያመጣልኝ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው። ስትገዙ ምላጭ አስገብታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። በሁለቱም ጎን እኩል ብቅ ካለ ጥሩ ነው። ከበድ ያለውን ምረጡ፤ ክብደቱ በእጃችሁ ፋንታ ይሠራል። አብዛኛው ክሮም የተቀባ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ግን ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ የመጠምዘዣው ጥርስ ሊሰበር ይችላል።

ብሩሹ ላይ ቆም ልበል። ርካሹ የተፈጥሮ ጸጉር ብሩሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ጸጉር ነው። እዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአሳማ ነገር ፊቱን እንዲነካው የሚፈልግ አይመስለኝም። ሻጩ «ንጹሕ የተፈጥሮ ጸጉር ነው» ሲል የምን ጸጉር እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጋሼ ይህን ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ የመጀመሪያ ብሩሻቸውን ጣና ነበር የሚወረውሩት። ባጀር ከሚባል አውሬ ጸጉር የሚሠራ አለ፤ ውድ ነው። ከፈረስ ጭራና ጋማ የሚሠራም አለ። እኔ ሰው ሠራሹን መረጥኩ። ለሃይማኖቱም ለኪሱም ይስማማል። ደግሞ ክረምት ላይ እዚህ ሐይቁ ዳር ምንም ነገር አይደርቅም። የተፈጥሮ ጸጉር ውሃ ይዞ ያድራል፤ ካልደረቀም ይሸታል። ሰው ሠራሹ አራግፋችሁ ከሰቀላችሁት ጠዋት ደርቆ ይጠብቃችኋል።

የጢም ሳሙና ከገላ ሳሙና የሚለየው በአሠራሩ ነው። ጠጣር የገላ ሳሙና በሶዲየም ነው የሚሠራው። የጢሙ ላይ ፖታሲየም ይገባበታል፤ ስቴሪክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድም ይበዛበታል። ፖታሲየሙ ቶሎ አረፋ ያስነሳል፤ ስቴሪክ አሲዱ አረፋው እንዳይሟሽሽ ይይዘዋል። የገላ ሳሙና አረፋ ትልልቅና ባዶ ነው፤ ግማሽ ፊት ሳትላጩ ይደርቃል። አንዳንዱ የጢም ሳሙና የበሬ ሞራ አለበት። እኅቴ «በጾም ትላጭበታለህ?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ የምላጭበት እንጂ የምበላው አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። የምላጨው ወደ ማታ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የሮቶ ውሃ በዚያ ሰዓት ለብ ያለ ነው፤ ማሞቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ቆዳው ሌሊቱን ያርፋል። ጠዋት የተላጨ አንገት በባጃጅ አቧራና በላብ መካከል ነው የሚውለው።

ፊቴን በውሃ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አርሰዋለሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ግማሹ ሥራ ይህ ነው። ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥ የሚጠይቀው ጉልበት ይቀንሳል። የለሰለሰ ጢም ካለ መጫን የሚያስገድድ ነገር የለም። ከዚያ ብሩሹን ነክሬ አራግፈዋለሁ፣ ሳሙናው ላይ አሽከረክረዋለሁ፣ ኩባያ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ውሃ እየጨመርኩ እመታዋለሁ። ሲደርስ ልክ እንደ ረጋ እርጎ ነው፤ ኩባያውን ብትገለብጡት አይፈስም። አረፋው ጢም ላይ ሲደረግ ብሩሹን እያዞሩ ማሸት ነው። ይህ የተኛውን ጸጉር ያነሳዋል።

መላጫው ላይ ማዕዘኑን ለማግኘት ጋሼ ካሳዩኝ ዘዴ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም። የመላጫውን አናት ጉንጭ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ እጀታው ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጀታውን ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ታወርዱታላችሁ። ምላጩ ጸጉሩን ሲይዝ ድምፁን ትሰማላችሁ። እዚያ ጋ ማቆም ነው። ምላጩ ከቆዳው ጋር ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከዚያ በአጭር በአጭሩ፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ብቻ። እጀታውን በጣት ጫፍ ከያዛችሁት መጫን ብትፈልጉም አትችሉም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሳልላጭ ያጠናሁት ነገር ነው። ጢሜን አንድ ሁለት ቀን አሳደግሁና በጣቴ እየዳበስኩ ወዴት እንደሚተኛ አየሁ። ጉንጬ ላይ ቁልቁል ነው። አንገቴ ላይ በግራ በኩል ወደ ጎን ይተኛል፤ በቀኝ በኩል ሽቅብ ነው የሚበቅለው! ቁልቁል እየላጨሁ በተኛበት አቅጣጫ የሄድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቀኝ አንገቴን በተቃራኒው ነበር የምገፈው። ሽፍታዬም በብዛት የሚወጣው እዚያው ነበር። እናንተም ዳብሱት። የሁለት ሰው አንገት አንድ አይሆንም።

የመጀመሪያው ዙር ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ነው። እንደገና አረፋ ቀብቼ ሁለተኛውን ዙር በአግድም እሄዳለሁ፤ እሱም ጉንጭ ላይ ብቻ። አንገት አንድ ዙር ይበቃዋል። ጸጉሩን በተቃራኒው መግፈፍ የሚባለውን ሦስተኛ ዙር ትቼዋለሁ። ብዙ ቪዲዮ ላይ «ቆዳውን ወጥሩት» ይላሉ። ለከርዳዳ ጢም አይሆንም። የተወጠረው ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠው ጸጉር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያው የድሮው ችግር።

አሁን ሽፍታ ላይ ያለ ሰው ግን መላጫ ከመግዛቱ በፊት ለጥቂት ሳምንታት መላጨቱን ያቁም። ጸጉሩ ሲረዝም ብዙው ራሱ ነጥሎ ይወጣል። እብጠቱ እየጠነከረና እየተለቀ ከሄደ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ በመርፌ መጎርጎር አያዋጣም።

ከተላጨሁ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ ትንሽ ግሊሰሪን። በቃ። ከደማ አሉም የሚባለውን ብርጭቆ የሚመስል የጨው ድንጋይ አርሶ ማስነካት ደሙን ያቆመዋል። ንጹሕ አልኮል ቆዳ ያደርቃል። ሎሚ ቀባበት የሚሉ ሰዎችም አሉ። ዘጌ ማዶ ሆና ሎሚ መቼ ይጠፋል። ነገር ግን የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። ሎሚውን ለሰላጣው ተዉት።

ውሃ በሚጠፋበት ሳምንትም ይህ አላላጭ አዋጥቶኛል። አንድ ኩባያ ለብሩሹ፣ አንድ ጆግ ለማጠቢያ ይበቃል። መላጫውን ከቧንቧ ስር ከማጠብ ይልቅ ጆጉ ውስጥ ነክሮ ማራገፍ ነው።

ጸጉር ቤት መሄዴን አልተውኩም፤ የራሴን ጸጉር ማን ያስተካክልልኛል? ግን ምላጭ የሚያስፈልግ ከሆነ አዲስ ሲከፈት ማየት እፈልጋለሁ። በልጅነታችን «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» እየተባልን ያደግነው በኤች አይ ቪ ምክንያት ነው፤ ሄፓታይተስ ቢም በዚያው መንገድ ይተላለፋል። ቤት ውስጥም ቢሆን ምላጬን ለወንድሜ አላውሰውም። አዲስ እሰጠዋለሁ።

ምላጭ እኔን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ታገለግለኛለች። መጎተት ስትጀምር መቀየር ነው፤ የደነዘ ምላጭ ነው መጫን የሚያስለምደው። ያለቀውን ቆሻሻ ውስጥ አልጥልም። በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ማዳበሪያውን በእጃቸው ነው የሚያነሱት። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ላይ በቢላ ቀጭን ቀዳዳ አበጅቼ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ እዚያ እከታለሁ። ላዩ ላይ በትልቁ «ምላጭ» ብዬ ጽፌበታለሁ። እናቴ የሳንቲም ማጠራቀሚያ መስሏት ልትከፍተው ስትል ነው የጻፍኩት።