ያሳሳተኝ የማውቀው ቃል ነው

ቨርጂኒያ ውስጥ ቀን እየሠራሁ፣ ማታ ኮሌጅ ለመግባት የሚያዘጋጅ የእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት እከታተል ነበር። በዚያ መንፈቀ ዓመት የተሰጠን ንባብ በሙሉ ስለ ዋልታ አሳሾች ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሁሉ ብስጭት ይቀርልኝ ነበር፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ተማሪ እኔ ልንገረው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ኧርነስት ሻክልተን ጉዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1914 ሃያ ስምንት ሰዎች ኢንዱራንስ በምትባል መርከብ ከደቡብ ጆርጂያ ደሴት ተነሡ። አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ነበር ሐሳባቸው። በጃንዋሪ 1915 መርከቧን የዌዴል ባሕር በረዶ ያዛት። ወራት ሙሉ አብራው ስትንሳፈፍ ቆይታ፣ ተጨፍልቃ፣ በኖቬምበር 1915 ሰጠመች።

አጠናኔ እንደማንም ሰው ነው። ደብተር ገዛሁ፣ በቀን ሦስት ገጽ አነበብኩ፣ የማላውቀውን ቃል አሰመርኩ። ለእኛ ውርጩንና አመዳዩን ብንለይ እንጂ የቀረው ሁሉ በረዶ ነው። እነሱ ግን ከሰማይ ለሚወርደው፣ ባሕር ላይ ለሚጋገረው፣ ተሰብሮ እንደ ሰሌዳ ለሚንሳፈፈው ለየብቻ ስም አላቸው። እነዚህ አላስቸገሩኝም፤ አዲስ ስለሆኑ ፈልጌ አገኘኋቸው።

ጉዱ የመጣው «ሊድ» ከምትባል ቃል ነው።

መምህራችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ «መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፤ ከዐውዱ ገምቱ» ይለን ነበር። የተሰጠን መመሪያም ያንኑ ይላል። እኔም ታዘዝኩ። ጽሑፉ ላይ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ሊድ ሲፈልጉ ውለው እንዳላገኙ የሚናገር ዐረፍተ ነገር አለ። ሊድን አውቃታለሁ፤ መምራት ናት። ዐውዱንም አየሁ። ከሁለት አንቀጽ በፊት መርከቧ ላይ ከስልሳ በላይ የበረዶ መንሸራተቻ ጎታች ውሾች እንደነበሩ ተጽፏል። ከፊት ሆኖ ሌሎቹን የሚመራው ውሻም በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ መሪው ውሻ ጠፍቶባቸዋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ገመትኩ፣ እንደተባልኩት።

በዚያ ላይ የአሥር ደቂቃ ንግግር አዘጋጀሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ፣ ጉዞው የተበላሸው መሪ ውሻ በመጥፋቱ እንደሆነ እያብራራሁ፣ መሪ ሲጠፋ ሕዝብ ምን እንደሚሆን ጭምር ጨምሬ፣ ክፍሉ ፊት ቆሜ አቀረብኩ። መምህሩ መሀል ላይ አስቆመኝ። «ውሻው የቱ ጋ ነው ያለው? አሳዪኝ» አለ። ገጹን ገለጥኩ። የጠፋ ውሻ የለም። ወረቀቴ ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ «ዐውዱን በሚገባ አላነበብሽም» የሚል ተጽፎበታል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዐውዱን አንብቤያለሁ! ዐውዱ ነው ውሻ የሰጠኝ።

ያን ዕለት ማታ አውቶቡስ ውስጥ መዝገበ ቃላቱን በስልኬ ከፈትኩ። ሊድ ብዙ ትርጉም ነበራት፤ በዚያው ፊደል ተጽፋ በሌላ ድምፅ ስትነበብ እርሳስ የሚባለው ማዕድንም ናት። ወደ ታች ስወርድ አገኘኋት፦ በተንሳፋፊ በረዶ መካከል የሚከፈት፣ መርከብ የሚያሳልፍ የውሃ መንገድ። ነፋስና የባሕር ሞገድ በረዶውን ሲያራርቁት ይከፈታል፤ መልሰው ሲያጋጥሙት ይዘጋል። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲያማትሩ የዋሉት መውጫ ፍለጋ ነው።

ቤት ገብቼ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እንደገና አነበብኩት፤ ሌላ ታሪክ ሆነብኝ። «ፓክ» ሻንጣ ማሰናዳት መስላኝ ያለፍኳት፣ ተጠጋግቶ ባሕሩን የሞላው በረዶ ናት። «ኒፕ» መቆንጠጥ ናት፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሚቀጣባት፣ እዚያ ግን በረዶ መርከብን ከግራና ከቀኝ ይዞ እንጨቷ እስኪሰበር የሚጨምቅባት።

ስለዚህ መምህሩ ቢቆጣም የምለው ይህን ነው፦ አትገምቱ። የማታውቁት ቃል ራሱ ያስቆማችኋል። አደገኛው የምታውቁት ቃል ነው፤ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል። ዐረፍተ ነገሩ ትንሽ እንኳ ከጎረበጣችሁ የምታውቁትን ቃል እንደ አዲስ ፈልጉ፤ የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ አይታችሁም አትዝጉ።

ዘይቤው ላይ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ፈተናው ሁሉ የዘይቤውን ስም ነው የሚጠይቀው፤ ተነጻጻሪ ነው ወይስ ተለዋጭ እያለ። ስሙን በትክክል እየመለስኩ ትርጉሙ ያመለጠኝ ስንት ጊዜ ነው። የዳንኩት በአባቴ ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍ ስለ ሮበርት ስኮት ነበር። በጃንዋሪ 1912 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ኖርዌያዊው አሙንድሰን ቀድሞት ነበር። ሲመለሱ ከጓዶቹ አንዱ፣ ኦትስ፣ እግሩ በብርድ ተበልቶ መራመድ አቃተው። በማርች አንድ ቀን ከድንኳኑ ሲወጣ የተናገረውን ስኮት ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል። እኔ በዚህች ንግግር ውስጥ ምንም ዘይቤ አላገኘሁም። አንድም «እንደ» የለባት።

አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። እሑድ ስደውልለት አነሣሁበት።

«አባዬ፣ ሰውየው ሲወጣ፣ ‹እስቲ ወጣ ልበል፤ ልቆይ እችላለሁ› አለ። ይኸው ነው።»

«ውጭው እንዴት ነው?»

«ነፋስና በረዶ የተደባለቀበት ማዕበል ነው።»

«እግሩ አይሄድም አላልሽኝም?»

«አዎ፣ ለጓደኞቹም ሸክም ሆኖባቸዋል።»

«ታዲያ እግር የሌለው ሰው በዚያ ብርድ የት ሄዶ ነው የሚቆየው? ተሰናበታቸው እንጂ። ሰሙ መውጣት ነው፤ ወርቁ ስንብት። እንዳይለምኑት ብሎ ነው በሰም የሸፈነው።»

እኔ ስድስት ጊዜ አንብቤው ነበር። አባቴ እንግሊዝኛ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ከበድ ያለ ንግግር ሲገጥመኝ ሌላ ዘዴ የለኝም፤ በአማርኛ ለአባቴ እተርክለታለሁ፣ እሱ ይጠይቀኛል። ለጥያቄው መልስ ካጣሁ አልገባኝም ማለት ነው፤ ተመልሼ አነባለሁ።

ያን ቀን ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «የቀሩትስ ከቤታቸው ደረሱ?» አለኝ። ስኮትና የቀሩት ሁለት ጓዶቹ ስንቅ ከተቀመጠበት 11 ማይል ሲቀራቸው ድንኳናቸው ውስጥ እንደሞቱ ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ፤ ከዚያም ስሙን አንድ ጊዜ እንድደግምለት ጠየቀኝ።