በር ያንኳኳው ወታደር

ቅዳሜ እዚህ አሌክሳንድሪያ በራችን ተንኳኳ። ለቨርጂኒያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰውዬ ነው፤ አፍጋኒስታን የዘመተ። "ወታደር ነበር" ስላት እማዬ ደነገጠች። "ምን አጥፍተን?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ድምፅሽን ስጪኝ ሊል ነው የመጣው።"

አላመነችም። ጫማውን አየችው። ተረከዙ አልቆ ወደ ጎን ተጣሟል። ስንት በር አንኳኩቶ ይሆን! ከ100 መቀመጫ ለአንዷ፣ ያውም በዓመት 17,640 ዶላር ለሚከፈልባት።

"ምን ያስቸግርሻል ይልሻል" አልኳት።

"አውቶቡሱ ይቆያል በለው።" ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈው።

በደርግ ጊዜ ወታደር በር አንኳኩቶ ታላቅ ወንድሟን ወስዶባታል። አልተመለሰም።

ሰውዬው ሲሄድ ከበሩ አልተነሳችም። የጎረቤትን በር አንኳኳ። ቆሞ ጠበቀ። ወረቀቱን በሩ ሥር አስቀምጦ ወረደ።

"ሳይከፍቱለት ዝም ብሎ ሄደ እኮ" አለችኝ።