አንገቱ አብጧል ስትሉ የቱ ጋ ነው?

የበሬ አንገት ሥር የሚንጠለጠለውን ቆዳ እናንተ ሰፈር ምን ትሉታላችሁ? ከአገጩ ሥር ተነስቶ ጉሮሮውን ይዞ እስከ ፍርምባው የሚወርደውን፣ ሲራመድ ግራ ቀኝ የሚወዛወዘውን። እኛ ቤት ያው "ጉሮሮው ሥር ያለው" ነው የምንለው። ሻኛን ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ እንኳን ያውቀዋል፣ ሥጋ ቤት ገብቶ ያዝዘዋላ፣ ፍርምባም እንደዛው፣ ይሄ ቆዳ ግን ስለማይበላ ነው መሰለኝ ብዙ ሰው ዝም ብሎ "አንገቱ" ብሎ ያልፈዋል።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እና በዚች "አንገቱ" በምትባል ቃል የአክስቴ በሬ ሞቷል።

ሰኔ ነበር፣ ዝናቡ ገና መጀመሩ፣ እርሻውም ጦፏል። አክስቴ ደወለችና "ልጄ ዳለቻው አንገቱ አብጧል፣ ጭድም አልነካም" አለችኝ። እኔ ሐሳቤ ቀጥታ ቀንበር ላይ ሄደ፣ ቀንበሩ ማጅራቱን ልጦት ነው ብዬ "አሳርፊው፣ በጨው ውሃ እጠቢለት" ብዬ ዘጋሁት። የቱ ጋ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ማታ ደግማ ስትደውል ምራቁ ይዝረበረባል፣ ትንፋሹ ከበረቱ ውጪ ይሰማል፣ ያበጠው ማጅራቱ ሳይሆን ከመንጋጋው ሥር ጉሮሮው ላይ ነው፣ ስትነካው ደግሞ ይፋጃል። ጎሮርሳ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። ጎሮርሳ ገና ሲጀምር አንቲባዮቲክ ከተወጋ ነው ተስፋ ያለው፣ ካለፈ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ ሲነጋ ዳለቻው ሞቶ ነበር፣ ጥንዱ ብቻውን ቀረ፣ የዛን ዓመት ማሳዋን በሰው በሬ ነው ያረሰችው። ክትባት እኮ አለው፣ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ዝናብ ሳይገባ ማስከተብ ነው።

ከዛ ወዲህ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የቱ ጋ እንደሆነ ነው። ያ ቆዳ ልል ስለሆነ ሰውነት ውስጥ መሄጃ ያጣ ውሃ ወርዶ እዛ ይጠራቀማል፣ ግን የሚጠራቀምበት ቦታ ይለያያል። ላሟ ፍርምባዋ ጋ ካበጠና የአንገቷ ደም ስር እንደ ገመድ ከተወጠረ እኔ የምጠረጥረው ሽቦ ወይ ሚስማር ነው፣ በተለይ ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ላይ የሚግጡት፣ ከመኖ ጋር ይውጡታል፣ ሲቆይ ጨጓራዋን በስቶ ልቧ ጋ ይደርሳል፣ እብጠቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ብዙ የሚደረግላት ነገር የለም። ከአገጯ ሥር ብቻ እንደ ከረጢት ከተንጠለጠለ፣ ካልሞቀና ካላመማት፣ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል፣ ረግረግ ላይ ስትግጥ የምታገኘው፣ ትሉ ደሟን ሲጨርሰው ውሃው ከደም ስር እየወጣ እዛ ይወርዳል።

ጤነኛውን ማወቅም ያስፈልጋል እንግዲህ። የቦረና ኮርማ ተፈጥሮው ነው፣ ያ ቆዳ ሰፊ ሆኖ እጥፍ እጥፍ እያለ ይወርዳል፣ የፈረንጅ ላም ላይ ግን ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የራሳችሁን ከብት ደህና እያለች በእጃችሁ ዳብሱት፣ ስስ፣ ልል፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ነው መሆን ያለበት፣ ሙቀቱን ልመዱት።

ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ደወለች። "ላሚቱ ናት፣ ማጅራቷ አይደለም፣ ፍርምባዋም አይደለም፣ ከአገጯ ሥር ነው፣ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል፣ አይሞቅም" አለችኝ። የት ነበር የምትግጠው ስላት ወንዙ ዳር ረግረጉ ላይ አለች። የትሉን መድኃኒት ይዤ በማግስቱ ሄድኩ።