ከኋላ ያለው ፀጉር ሳሳ ሲል፦ የፀጉር ንቅለ ተከላ ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም ብዬ የወሰንኩበት መንገድ

የፀጉር ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም። በዘር በሚመጣ መመለጥ የማይረግፈውን የኋላ ፀጉር ከነሥሩ አውጥቶ ወደ ፊት ማዛወር ብቻ ነው። የተነቀለበት ቦታ ላይ መልሶ አይበቅልም፤ ከጎተራ እንደተዛቀ እህል ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያስቀድመው «መላጣዬ ይሸፈናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት «ከኋላ ስንት ሥር ቢወጣ አይታወቅብኝም?» የሚለው ነው። የኋላ ፀጉሬ ሳሳ ያለ በመሆኑ ውሳኔዬን የሠራሁት ከዚህ ቁጥር ተነስቼ ነው።

ቆጠራው ትርጉም የሚኖረው ግን ፀጉሩ ለምን እንደሚረግፍ ከታወቀ በኋላ ነው። በጣና ዳርቻ ወባ ብርቅ አይደለም፤ ወባም ሆነ ታይፎይድ፣ ከባድ ትኩሳት ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር በእፍኝ ሊረግፍ ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፤ ከወሊድ በኋላ የሚረግፈውም እንደዚሁ ነው። የብረት እጥረትና የታይሮይድ መዛባት በደም ምርመራ ይለያሉ። ክብ ሠርቶ ልሙጥ የሚያደርገው ላሽና እየተቀረፈ የሚያሳክከው ጭርት የራሳቸው ሕክምና አላቸው። ሹሩባ አጥብቀው በሚሠሩ ሴቶች ግንባር ዙሪያ የሸሸ ፀጉር ንቅለ ተከላ የሚታሰብለት መጎተቱ ቆሞ፣ መሸሹም ከቆመ በኋላ ነው። መሃል አናት ላይ እያቃጠለ ጠባሳ የሚተው ዓይነት ደግሞ በሽታው ሳይተኛ ከተተከለበት አዲሱንም ሥር ይበላዋል። ይህን የሚለየው የቆዳ ሐኪም በደርማቶስኮፕ፣ ቆዳን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ አይቶ ነው፤ ከተጠራጠረ ትንሽ የቆዳ ናሙና ይወስዳል። በፎቶ ብቻ በቴሌግራም አይቶ «ይሆንሃል» የሚል ሰው ይህን ሁሉ ዘሎታል።

ለቆጠራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፦ ጠንካራ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ ስልክ ላይ የሚሰካ ማጉያ ሌንስና አንድ ረዳት። ካርቶኑ መሃል ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት አወጣሁ። ፀጉሬን ፀጉር ቤት በቁጥር 1 ማሽን፣ ማለትም ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ አስቆረጥኩ። ከዚያ ካርቶኑ ከኋላ መሃል ላይ፣ ከሁለቱም ጆሮ ጀርባ፣ ከጆሮ በላይና ከማጅራት ከፍ ብሎ እየተቀመጠ ፎቶ ተነሳ። ብርሃኑ ከጎን የሚገባ የጠዋት ብርሃን ቢሆን ይመረጣል። የባሕር ዳር የእኩለ ቀን ፀሐይ ቆዳውን ያንጸባርቀውና ቀጫጭኑን ፀጉር ይውጠዋል።

ፎቶው ሲጎላ ፀጉር በቡድን በቡድን እንደሚወጣ ይታያል፦ ከአንዱ ቀዳዳ አንድ፣ ከሌላው ሁለት ወይም ሦስት፣ አልፎ አልፎ አራት። የሚቆጠረው ቡድኑ ነው፤ የሚነቀለውም የሚተከለውም እሱ ስለሆነ። ግራፍት የሚባለውም ይኸው ነው። የአውሮፓውያን የኋላ ፀጉር በካሬ ሴንቲ ሜትር 80 ወይም ከዚያ በላይ ቡድን ሊኖረው ይችላል፤ የአፍሪካውያን ብዙውን ጊዜ 60 አካባቢ ነው። ከ40 በታች የሆነ ሰው ንቅለ ተከላ እንደማይሆነው ይታሰባል። የእኔ አማካይ 55 ወጣ።

በዚያው መስኮት ውስጥ ከቁጥሩ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አለ። ከወፍራሞቹ ጥቁር ፀጉሮች መሃል እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ፣ ነጣ ያለ፣ አጭር ሆኖ የቀረ ፀጉር ካለ እሱ እየመነመነ ነው። ከኋላ ካለው ፀጉር ከአምስቱ አንዱ እንዲህ ከሆነ ነገሩን መተው ይሻላል፤ የሚመነምን ሥር ቦታ ቢቀይርም መመንመኑን አያቆምም። በእኔ ፎቶ መሃሉ ላይ እምብዛም አልነበረም። ከጆሮ በላይና ወደ ማጅራት ሲወርድ ግን ስለበዛ ሁለቱንም ጠርዞች ከሂሳቡ አወጣኋቸው።

የቀረው አስተማማኝ ቦታ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በ55 ሲባዛ 8,250 ቡድን ይሆናል። ከዚህ ላይ 30 በመቶውን ወሰንኩ፦ 2,475። ለምን ከዚያ በላይ አልሄድኩም? ከ55 ላይ 30 በመቶ ሲነሳ 38 ገደማ ይቀራል፤ ከዚያ ከወረደ ፀጉሩ አጠር ብሎ ሲቆረጥ ቆዳው ከኋላ ብል እንደበላው ጨርቅ ይታያል። ይህ 2,475 የዕድሜ ልክ ድርሻ ነው፤ በአንድ ቀን የሚወጣ አይደለም።

አሁን ወደ ፊት። መላጣውን በሦስት ከፍዬ ለካሁት። የግንባሩ ክፍል 11 በ5፣ ማለትም 55 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ተፈጥሯዊውን ጥግግት መመለስ አያስፈልግም፤ ለዓይን በካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ቡድን ይበቃል፣ ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ከቀጥታው የበለጠ ይሸፍናል። ስለዚህ 1,650። ከግንባሩ ቀጥሎ እስከ አናቱ ያለው 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር በ25 ሲባዛ 1,500። አናቱ ላይ ያለው ክብ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 78 ገደማ ነው፤ በ25 ወደ 1,950። ድምሩ 5,100 ሲሆን ያለው 2,475 ነው። ይህን ያህል ልዩነት እያለ «ሁሉንም እንሸፍናለን» የሚል ክሊኒክ የኋላውን አውድሞ ነው የሚሸፍነው።

ውሳኔዬ ግንባሩን ብቻ መትከል፣ አናቱን እንዳለ መተው ሆነ። አናት ብዙ ሥር ይፈጃል፤ ከተተከለ በኋላም ዙሪያው እየሰፋ ከሄደ የተተከለው በመሃል ደሴት ሆኖ ይቀራል። ግንባር ግን ፊትን ይቀርፃል። የፀጉሩን መስመር ከቅንድቦቹ መሃል 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲጀምር አደረግኩ፤ መስመሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ በተባለ ቁጥር 11 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጨመርና 330 ቡድን ይበላል። የወጣትነት ግንባር የሚፈልግ ሰው ይህን ዋጋ ይወቀው። ከ25 ዓመት በታች ያለ ወጣት ደግሞ መላጣው የት ላይ እንደሚቆም ገና ስለማይታወቅ ቢታገሥ እመክራለሁ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት መድኃኒት ይቀድማል። ራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል 5 በመቶ በቀን ሁለት ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር፣ የሚዋጠው ፊናስተራይድ ደግሞ በቀን 1 ሚሊ ግራም ነው፤ ውጤታቸው የሚመዘነው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማርገፉ የተለመደ ስለሆነ ተደናግጦ ማቆም ትርፉ ኪሳራ ነው። ፊናስተራይድ በአንዳንድ ወንዶች የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስሜትንም ያውካል፤ የፕሮስቴት የደም ምርመራን ውጤት በግማሽ ገደማ ስለሚያወርድ ለሐኪም መነገር አለበት፤ እርጉዝ ሴት የተሰበረውን ክኒን መንካት የለባትም። መድኃኒቱ ያልተተከለውን ነባር ፀጉር ስለሚያቆይ ከኋላ የሚጠየቀውን ቁጥር ይቀንሳል። ሳሳ ያለ የኋላ ፀጉር ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ሌላ ፈተና አለው፤ ሥሩ ቆዳ ውስጥም ይጠመዘዛል። ሥሩን አንድ በአንድ የሚያወጣው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ስለት ቀጥ ብሎ ሲገባ የታጠፈውን ሥር ከሆዱ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ከኋላም ጠፋ፣ ከፊትም አልበቀለም። ስለዚህ ጥቂት ሥሮች በሙከራ ወጥተው በማጉያ እንዲታዩ ጠየቅኩ፤ ሙሉው ሥር ጫፉ ክብ ብሎ እንደ ማጭድ ታጥፎ ይታያል፣ የተቆረጠው ጫፉ ደረቅና ቀጭን ነው። ከአሥር አንድ በላይ ከተቆረጠ መቀጠል የለበትም። ቆዳው ራሱ በቀጭኑ ተቆርጦ የሚወሰድበት ሌላው ዘዴ ሥር ይቆጥባል፤ ግን በኋላ ራስ ላይ ወርዱን ተከትሎ መስመር ጠባሳ ይተዋል። ክንድ ላይ ያለ የክትባት ጠባሳ ወይም የጆሮ ቀዳዳ ያበጠበት ሰው ለኬሎይድ፣ ከቁስሉ አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ፣ ስለሚጋለጥ ሁለቱንም ዘዴ ይፍራ። ከተላጨ በኋላ ማጅራቱ ላይ ጠጣር እብጠት የሚወጣበትም መጀመሪያ እሱን ይታከም።

ከአገጭ ሥር የሚወሰድ የፂም ፀጉር ለመጠባበቂያ ይሆናል፤ ወፍራም ስለሆነ ግን ለፊት መስመር አይሆንም፣ ከኋላው ላለው ክፍል መሙያ ነው። የኋላቸው ከ40 በታች ለወጣ ሰዎች ደግሞ ፀጉርን አሳጥሮ መቆረጥ ወይም ቆዳውን በነጠብጣብ ቀለም ማጥቆር ከንቅለ ተከላ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕክምናው አዲስ አበባም ይሁን ኢስታንቡል፣ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ የጠየቅኳቸው ነገሮች አሉ፦ ሥሩን የሚያወጣው ሐኪሙ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው፣ የሚወጣው ከፍተኛ ቁጥር ከ1,850 አይበልጥም ወይ፣ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ፀጉር ቡድኖች ተለይተው ይቆጠራሉ ወይ። 1,850 ያልኩት በ1,650ው ላይ የሚበላሸውን ጨምሬ ነው፤ የቀረው 600 ገደማ ቡድን ለሚመጡት ዓመታት ከኋላ ይቀመጣል። የሄፓታይተስ ቢ፣ የሄፓታይተስ ሲና የኤች አይ ቪ ምርመራም ቀድሞ ይሠራል።

ወደ ባሕር ዳር ከተመለሱ በኋላ ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ አይቀለድበትም፤ የተተከለውን የማይነካ ሰፊ ኮፍያ ያስፈልጋል። ለአሥር ቀን ያህል ጸበልም ሆነ ሻወር በኃይል ራስ ላይ አይፈስም፤ ቁስሉ እስኪድን ቅቤ አይቀባም፤ ጣና ውስጥ መዋኘት ቢያንስ ለአንድ ወር ይቆያል። የተተከለው ፀጉር ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይረግፋል፣ ሥሩ ግን ውስጥ አለ። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው ካርቶን ከኋላም ከፊትም እንደገና ተቆጥሮ ነው።